«ፖሊፑ ወጥቷል» ብሎ መጻፍ አይበቃም፦ ለኢንዶስኮፒ ክፍል ኃላፊዎችና ለጤና መሥሪያ ቤቶች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ የኮሎኖስኮፒ አገልግሎት ለሚሰጡ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ኃላፊዎች፣ ለኢንዶስኮፒ ክፍል አስተባባሪዎች፣ ይህን ሥራ ለሚቆጣጠሩ የጤና መሥሪያ ቤቶች

ጉዳዩ፦ ፖሊፕ ለወጣለት ታካሚ የተሟላ ሪፖርት እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የኢንዶስኮፒ ክፍል ነርስ ነኝ። ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም የትልቁን አንጀት ውስጥ በካሜራ ማየት፣ ሲሠራ ቦታዬ ከሐኪሙ ጎን ነው። ዓይኔ ስክሪኑ ላይ፣ እጄ መሣሪያው ላይ። ፖሊፕ ከአንጀቱ ግድግዳ ላይ የሚበቅል ሥጋ ነው፤ አንዳንዱ ቆይቶ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ፖሊፑን የምትቆርጠውን የሽቦ ቀለበት፣ እኛ ስኔር የምንላትን፣ የምከፍታትና የምዘጋት እኔ ነኝ። ሐኪሙ «ዝጊ» ሲል እዘጋለሁ። ሥጋው ሲያዝ በእጄ ይሰማኛል። ትንሽ ፖሊፕ ከሆነ ሽቦዋ ሳትቸገር ታልፋለች። ብዙ ሥጋ ከያዘች ግን ትጎትታለች፣ አልቆርጥም ትላለች። ያኔ ሐኪሙን ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ ከፈት አድርገን እንደገና እንይዛለን። ስለዚህ የምጽፍላችሁ ከሩቅ ሰምቼ አይደለም።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፉኝ አንዲት እናት ናቸው። ዕድሜያቸው ከ60 አልፏል። ከ3 ዓመት በፊት ሌላ ቦታ ፖሊፕ ወጥቶላቸዋል። ወረቀታቸውን አጥፈው በላስቲክ ውስጥ አስቀምጠውታል። አወጡና ሰጡኝ። የተጻፈበት አንድ መስመር ነው፦ «ፖሊፕ ታይቶ ተወግዷል።» መጠኑ የለም። የአንጀቱ የትኛው ክፍል ላይ እንደነበረ የለም። በአንድ ቁራጭ ይውጣ ወይ ተቆራርጦ አይታወቅም። መቼ ይመለሱ የሚልም ነገር የለም። እሳቸውም «ተወግዷል» ስለተባሉ እፎይ ብለው ተቀመጡ። ማንም ቢሆን የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

እኛ ዘንድ መጥተው ሲመረመሩ ካሜራው በቀኝ በኩል ያለው የትልቁ አንጀት ክፍል ላይ ሲደርስ ነጣ ያለ ጠባሳ አየን። ዙሪያው ያሉት የአንጀት እጥፋቶች ወደ ጠባሳው ተሰብስበዋል። እዚያው ጠርዙ ላይ ፖሊፑ እንደገና በቅሏል። ሐኪሙ እንደ ወጉ ከሥሩ ፈሳሽ ወግቶ ከፍ ሊያደርገው ሞከረ። ዙሪያው አበጠ፣ መሃሉ ግን አልነሣም አለ። ጠባሳው ከታች ካለው ሽፋን ጋር አጣብቆታል። በ6 ወር ቢመለሱ ኖሮ በጥቂት ደቂቃ ሊያልቅ የሚችል ሥራ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ሲነቁ ሁሉን ነገር ነገርናቸው። ዝም ብለው ሰሙንና «ሲስተር፣ ወጥቷል ብለውኝ አልነበር?» አሉኝ።

የምመልሰው አጣሁ። የፓቶሎጂው፣ ማለትም የወጣው ሥጋ በላብራቶሪ የተመረመረበት፣ ውጤት ሲመጣ ካንሰር አልነበረም። ሁላችንም ደስ አለን። ጥያቄያቸው ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። ፖሊፕን በኮሎኖስኮፒ ማውጣት ካሉን የካንሰር መከላከያዎች ሁሉ ከምርጦቹ አንዱ ነው። ሰው ፈርቶ እንዲቀር ብዬ አይደለም የምጽፈው። እ.ኤ.አ. በ1969 ዊሊያም ዎልፍ እና ሂሮሚ ሺንያ ኒው ዮርክ ውስጥ በሽቦ ቀለበት በኮሎኖስኮፕ ፖሊፕ ማውጣት ጀመሩ። ከዚያ በፊት ወደ ውስጥ የራቀ ፖሊፕ ለማውጣት ሆድ መክፈት ግድ ነበር። በ1993 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካ ብሔራዊ የፖሊፕ ጥናት ደግሞ ፖሊፕ በወጣላቸው ሰዎች ላይ የትልቁ አንጀት ካንሰር ከሚጠበቀው ከ76 እስከ 90 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳየ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የእኔ ጭንቀት ይህ ጥቅም ለሁሉም ታካሚ እኩል አለመድረሱ ነው። ልዩነቱን የሚያመጡት ነገሮች አብዛኞቹ ይታወቃሉ። ሊለኩ ይችላሉ። ወረቀት ላይም ሊሰፍሩ ይችላሉ።

ነገሩ የሚጀምረው ታካሚው አልጋው ላይ ሳይተኛ ነው። አንጀቱ ካልጸዳ ምንም አይታይም። በተለይ ጠፍጣፋ የሆኑትና ላያቸው ላይ ዝልግልግ ነገር የሚለብሱት ፖሊፖች በትንሽ ቆሻሻ ይሸፈናሉ። ማጽጃውን ሙሉ በሙሉ በዋዜማው ከመጠጣት ይልቅ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በምርመራው ዕለት መጠጣት አንጀቱን በተሻለ ያጠራዋል። ይህ ከታወቀ ቆይቷል። ሁለተኛው መጠን ምርመራው ከመጀመሩ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቀደም ብሎ ይጀመራል፣ ቢያንስ 2 ሰዓት ሲቀረው ያልቃል። እንዲህም ሆኖ ዛሬም «ማታ ጠጥተህ ጨርስ» ተብለው የሚመጡ አሉ። ንጽህናውን የምንለካበት የቦስተን መለኪያ አለን። አንጀቱ በ3 ክፍል ተከፍሎ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጠዋል። የትኛውም ክፍል ከ2 በታች ካገኘ ምርመራው በቂ ነው አይባልም። ይህን ቁጥር መጻፍ የሁለት ሰከንድ ሥራ ነው። ካልተጻፈ ግን ቀጣዩ ሐኪም «ምንም አልታየም» የሚለው ቃል አንጀቱ ጤነኛ ስለሆነ ይሁን ቆሻሻ ስለጋረደው በምን ይለያል?

ቀጥሎ ጊዜና ዓይን ይመጣሉ። ፖሊፕ በዋናነት የሚፈለገው ካሜራው ሲገባ ሳይሆን ሲወጣ ነው። በ2006 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ካሜራውን ሲያወጡ በአማካይ 6 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚወስዱ ሐኪሞች ከፈጣኖቹ ከእጥፍ በላይ እንደሚያገኙ አሳየ፤ እነሱ ከታካሚዎቻቸው 28.3 በመቶ ላይ ሲያገኙ ፈጣኖቹ 11.8 በመቶ ላይ ብቻ። በ2014 ደግሞ ከ300 ሺህ በላይ ኮሎኖስኮፒዎችን ያየ ጥናት ወጣ። አንድ ሐኪም አዴኖማ፣ ማለትም ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችለውን የፖሊፕ ዓይነት፣ የሚያገኝበት መጠን በ1 በመቶ ባደገ ቁጥር የታካሚዎቹ በኋላ በካንሰር የመያዝ ዕድል በ3 በመቶ ይቀንሳል። ይህን ሳነብ ትንሽ ደነገጥኩ። ዕድል የምንለው ነገር ለካ በከፊል በተራችን የገጠመን ሐኪም ዓይን ነው።

ሆኖም ፖሊፑን ማየት ግማሽ መንገድ ነው። በደንብ ማውጣት ሌላ ሙያ ነው። ኃላፊዎች ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገውም እዚህ ጋ ነው።

በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ሐኪሞቹ «ሙሉ በሙሉ ወጥቷል» ካሉ በኋላ ከቁስሉ ጠርዝ ናሙና እየወሰደ መረመረ። ፖሊፖቹ ከ5 እስከ 20 ሚሊ ሜትር የነበሩ ናቸው። ከ10ሩ በ1ዱ ገደማ ቅሪት ተገኘ። ልብ በሉ፣ ሐኪሞቹ ጨርሰናል ብለው ያመኑበት ነው። ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ በሆኑት ቅሪቱ 17 በመቶ ደረሰ። ጥርሳማ በሚባሉት ጠፍጣፋ ፖሊፖች ላይ 31 በመቶ ሆነ፤ የእነዚህ ጠርዝ ከጤነኛው አንጀት ጋር ይመሳሰላልና የት እንደሚያልቁ ለማወቅ ያስቸግራል። ከሐኪም ሐኪም ያለው ልዩነት ደግሞ ከ6.5 እስከ 22.7 በመቶ ነበር። ሁሉም የሠለጠኑ ሐኪሞች ናቸው። ስለዚህ ይህ የመማርና ያለመማር ጉዳይ አይደለም። የእጅ፣ የትዕግሥት፣ የራስን ውጤት ቆጥሮ የማየት ጉዳይ ነው።

የመሣሪያው ምርጫም ውጤቱን ይለውጠዋል። ትንንሽ ፖሊፖችን፣ ማለትም እስከ 9 ሚሊ ሜትር ያሉትን፣ ያለ ኤሌክትሪክ በቀዝቃዛ ስኔር ከዙሪያው ጥቂት ጤነኛ ሥጋ ጨምሮ መቁረጥ ነው የሚመከረው። በመቆንጠጫ ቦጨቅ ቦጨቅ ማድረግ ቅሪት ይተዋል። በ2023 በታይዋን የተሠራ ከ4 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያሉ ፖሊፖች በቀዝቃዛ ስኔር ሲቆረጡ ዘግይቶ የሚመጣው መድማት 0.4 በመቶ፣ በኤሌክትሪክ ሲቆረጡ 1.5 በመቶ መሆኑን አገኘ። በቀዝቃዛው ስንቆርጥ ወዲያው ትንሽ ደም ይታያል፤ አዲስ ሠራተኛ ይደነግጣል። ብዙውን ጊዜ በውኃ እያጠብን ጥቂት ከጠበቅን ራሱ ይቆማል። ኤሌክትሪክ ግን ወደ ጥልቀት ስለሚያቃጥል ጉዳቱ ከቀናት በኋላ ሊወጣ ይችላል።

እግር ያላቸው ፖሊፖች ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ግንዱ ውስጥ የደም ሥር ያልፋል። ራሱ 20 ሚሊ ሜትር ወይም ግንዱ 10 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ከመቁረጥ በፊት አድሬናሊን መውጋት ወይም ግንዱን ማነቅ ያስፈልጋል። ይህ የዝግጅት ጉዳይ ነው። ክሊፕ የምንላት ሥጋን ቆንጥጣ የምትይዝ ትንሽ ብረትና ማነቂያው ጠረጴዛው ላይ ከሌሉ ከተቆረጠ በኋላ ሮጦ ማምጣት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ትልልቆቹ ልምጣ። 20 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ ጠፍጣፋ ፖሊፖች ብዙ ጊዜ በአንድ ቁራጭ አይወጡም። ከሥራቸው ፈሳሽ ተወግቶ ከጡንቻው ሽፋን ከፍ ይደረጉና በየተራ ይቆረጣሉ። በቁርጥራጮቹ መሃል ወይም ጠርዙ ላይ የተረሳች ትንሽ ደሴት ካለች ትመለሳለች። የእኚያ እናት ፖሊፕ ከዚያ ነው የመጣው ብዬ አስባለሁ። መፍትሔ ግን አለው። በአውስትራሊያ በተሠራና በ2019 በታተመ ጥናት ሁሉም ከተቆረጠ በኋላ የቁስሉን ጠርዝ በስኔሩ ጫፍ ዙሪያውን ቀለል አድርጎ መተኮስ ፖሊፑ ተመልሶ የሚገኝበትን መጠን ከ21 ወደ 5.2 በመቶ አወረደው። አዲስ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ እጃችን ላይ ያለችው ስኔር ራሷ ናት። የሚያስፈልገው ጥቂት ተጨማሪ ደቂቃ ነው። እነዚያ ደቂቃዎች የሚገኙት ደግሞ ቀጣዩ ታካሚ በር ላይ ቆሞ ሐኪሙ ካልተጣደፈ ነው። ቀጠሮ የምታወጡት እናንተ ናችሁ። ለ5 ሚሊ ሜትር ፖሊፕ የተያዘ ሰዓት ውስጥ የ40 ሚሊ ሜትር ፖሊፕ አይገባም።

በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ትልቅ ቁስልን በክሊፕ መዝጋት በኋላ የሚመጣውን መድማት ከ7.1 ወደ 3.5 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ጥቅሙ የታየው በተለይ በቀኙ የአንጀት ክፍል ነው፤ እዚያ ከ9.6 ወደ 3.3 በመቶ ወረደ። ፖሊፑ የት እንደነበረ መጻፍ ለምን እንደሚጠቅም ከዚህ ይታያል። ቦታው ራሱ አደጋን ይናገራል። በቀኙ በኩል ግድግዳው ቀጭን ነው፣ መድማትም መበሳትም እዚያ ያሰጋል።

አሁን የምጽፈው ሰው እንዳያስቀይም እየፈራሁ ነው። ዝም ማለት ግን አልችልም። ትልቅ ፖሊፕ አይቶ «ናሙና ልውሰድ» ብሎ ደጋግሞ መቆንጠጥ፣ ወይም ማውጣት ጀምሮ በግማሽ መተው፣ ለቀጣዩ ሐኪም ሥራውን ያበላሽበታል። ጠባሳ ይፈጠራል፣ ፖሊፑ ከሥር ይጣበቃል፣ ፈሳሽ ሲወጋ አይነሣም። ለምልክት የሚወጋውም ቀለም እንዲሁ ነው። ከፖሊፑ ሥር ከገባ ያጣብቃል፤ ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ነው መወጋት ያለበት። የመጀመሪያው ሙከራ ከሁሉ የተሻለው ዕድል ነው። ስለዚህ «ይህ ከእኔ አቅም በላይ ነው» ብሎ ፎቶ አንሥቶ፣ ሳይነካ፣ ልምድ ወዳለው መላክ ሽንፈት አይደለም። ታካሚውን ማክበር ነው። ነገር ግን ሐኪሙ የሚልክበት መንገድ ከሌለው ምን ያድርግ? አንዳንዱ ደፍሮ ይሞክራል፣ አንዳንዱ በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ይልካል። በካሜራ ሊወጣ ለሚችል ካንሰር ላልሆነ ፖሊፕ አንጀት መቁረጥ ለታካሚው ትልቅ ዋጋ ነው። የመላኪያውን መንገድ መዘርጋት ደግሞ የእኔም የሐኪሙም ሥልጣን አይደለም። የእናንተ ነው።

የታካሚው ሁኔታም ድርሻ አለው። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው፣ ዕድሜው የገፋ ሰው የሚደማበት ዕድል ከፍ ይላል። አስፒሪን አብዛኛውን ጊዜ አይቋረጥም። ሌሎቹን መቼ ማቆምና መቼ መጀመር እንዳለበት መድኃኒቱን ካዘዘለት ሐኪም ጋር ተነጋግሮ መወሰን ያስፈልጋል። ሰው በራሱ አቁሞ ስትሮክ ቢመታው ፖሊፑ መውጣቱ ምን ይፈይዳል? ይህ ንግግር መደረግ ያለበት ቀጠሮ ሲያዝ ነው። ጋውን ለብሶ አልጋ ላይ ከወጣ በኋላ «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ስንት ጊዜ አይቻለሁ!

የተቆረጠው ፖሊፕም መገኘት አለበት። አንዳንዴ ተቆርጦ በፈሳሹ ውስጥ ይጠፋል። ወንፊቱን ከፍቼ በጓንቴ ጣት እየለየሁ የምፈልግበት ጊዜ አለ። ካልተገኘ አይመረመርም፣ ካልተመረመረ ምን እንደነበረ አይታወቅም። ካንሰር ይኖርበታል ተብሎ የተጠረጠረና በአንድ ቁራጭ የወጣ ከሆነ ደግሞ ዝም ብሎ ፎርማሊን ውስጥ መጣል አይገባም። ተዘርግቶ በመርፌ ተወጥሮ ቢላክ የፓቶሎጂ ባለሙያው ጠርዙ ነጻ መሆኑን ማየት ይችላል። ተጠቅልሎ ከደረሰው ግን ብዙ ጊዜ «ጠርዙን መለየት አልተቻለም» የሚል መልስ ይመጣል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ታካሚው ቤቱ ይገባል። ደም እስከ 2 ሳምንት ዘግይቶ ሊመጣ እንደሚችል ማን ነገረው? ብዙ ደም ቢያይ፣ ሆዱን አጥብቆ ቢያመው፣ ትኩሳት ቢይዘው ለማን ይደውላል? በቃል ነግረነዋል እንዳንል ገና ከማደንዘዣው በደንብ ሳይነቃ ነው የምንነግረው። ራሱን እየነቀነቀ «እሺ» ይላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ምንም አያስታውስም። ወረቀቱ የሚያስፈልገው ለዚህም ጭምር ነው።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ የምጠይቀው እንዲህ ነው። ፖሊፕ ወጥቶለት ከክፍላችን የሚወጣ ሰው ሁሉ በእጁ የሚይዘው ወረቀት ላይ የአንጀቱ ንጽህና በነጥብ፣ የፖሊፑ መጠን በሚሊ ሜትር፣ ቦታውና ቅርጹ፣ በምን እንደተቆረጠ፣ በአንድ ቁራጭ ይሁን በብዙ፣ ሐኪሙ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል ብሎ ያመነ እንደሆነ፣ ናሙናው መገኘት አለመገኘቱ ይጻፍ። ከመቁረጡ በፊትና በኋላ የተነሣ ፎቶ ይያያዝ። የሚመለስበት ጊዜም ይጻፍ፤ የፓቶሎጂ ውጤት የሚጠበቅ ከሆነ ውጤቱ እንደደረሰ ተደውሎ ይነገረው። በተለይ 20 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ፖሊፕ ተቆራርጦ ከወጣ በ6 ወር ገደማ ጠባሳው መታየት አለበት። ይህ ቀጠሮ ሰውየው ከመሄዱ በፊት መዝገብ ላይ ይግባ። ካልመጣ ይደወልለት። ከሁሉም አንድ ብቻ ምረጪ ብትሉኝ ይህን ነው የምመርጠው። ቅሪት ምንም ያህል ብንጠነቀቅ አንዳንዴ ይኖራል። በ6 ወር የተገኘ ቅሪት ብዙውን ጊዜ ትንሽና በቀላሉ የሚወገድ ነው።

ሁለተኛው ልመናዬ፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ውጤት ይቁጠር። አዴኖማ ስንቱ ላይ ተገኘ፣ ስንቱ ደማ፣ ስንቱ ተበሳ፣ ስንቱ በቀጠሮው ተመለሰ፣ ከተመለሱት ስንቱ ላይ ቅሪት ተገኘ። ለቅጣት አይሁን። ቅጣት ካለበት ማንም እውነቱን አይጽፍም። ሐኪሙ የራሱን ቁጥር ብቻውን ቁጭ ብሎ እንዲያየው፣ እጁን ማሻሻል ከፈለገም አጠገቡ ቆሞ የሚያሳየው ሰው እንዲያገኝ ነው። አብሬያቸው የሠራኋቸው ጎበዝ ሐኪሞች ሁሉ ቁጥራቸውን ማወቅ የሚፈልጉ ነበሩ።

እኚያ እናት በ6ኛው ወር ተመልሰው መጡ። ቀኑን ያስታወሳቸው ወረቀቱ ነው፤ ይህኛው ሙሉ ገጽ ነበር። ካሜራው ጠባሳው ጋ ሲደርስ ሐኪሙ ቆም አለ። መብራቱን ለወጠ፣ በውኃ አጠበው፣ ዙሪያውን አየ። ነጭ፣ ልስልስ፣ ንጹሕ ነበር። ሲነቁ አዲሱን ወረቀት ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡትና «ይሄስ ይገባል» አሉኝ።

መልሳችሁን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር፣
አንዲት የኢንዶስኮፒ ክፍል ነርስ